ጠርዙ የተሰበረ ማኅተም

እግሬ ማበጥ የጀመረው ሆስፒታል ከገባሁ በኋላ ነው። ታምሜ አይደለም የገባሁት፤ የበሽተኛ ምግብ ላመላልስ ተቀጥሬ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ትሪ የተደረደረበት ጋሪ እየገፋሁ አምስት ፎቅ ስወጣና ስወርድ እውላለሁ። አገሬ ሳለሁ እንጀራዬ ቁጭ ብሎ መጻፍ ነበር። ቁም ጸሐፊ ነበርኩ፤ ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ፣ በመቃ ብዕር ዳዊት እገለብጥ ነበር። በሱዳን በኩል ዞሬ አትላንታ ስገባ ስደተኛ የምትመዘግበው ሴትዮ ሙያዬን ጠየቀች። አስተርጓሚው «መጽሐፍ በእጁ ይጽፋል» ሲላት፣ መኪና መንዳት ይችላል ወይ አለችው። አይችልም አላት። ቅጹ ላይ «ሙያ የለውም» ብላ ሞላች። አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው።

በፈረንጆች 1985 መኸር ላይ አምስተኛው ፎቅ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። የምንወስድላቸውን ሾርባ ሦስት ቀን ሳይነኩ መለሱ። ነርሶቹ ምግብ አልወስድም ብለዋል ብለው ጻፉ። እኔ ግን ትሪውን ሳነሳ አየሁት፤ ዳቦውንና ብርቱካኑን በልተው የዶሮው መረቅ የነካውን ሁሉ ትተዋል። ጿሚ ሰው እንዴት እንደሚበላ አውቃለሁ። ወጥ ቤት ወርጄ ሩዝና ባቄላ አስወጣሁላቸውና፣ ሥጋ የለበትም ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ትሪው ላይ አኖርኩት። እኔ ወረቀት ሳገኝ የዳዊት እጄ ይመጣብኛል፤ ፊደሉ እኩል፣ መስመሩ እኩል። ሽማግሌው ሩዙን ትተው ወረቀቱን አነሱ። ማን ጻፈው አሉኝ። እኔ አልኳቸው። ሌላ ነገር ጻፍልኝ አሉ።

ስማቸው ሻንሙጋም ነው። ማዱራይ በሚባል ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ሲሞቱ ዶክተር የሆነው ልጃቸው አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ አምጥቶ ቤቱ አስቀመጣቸው። ልባቸው ደካማ ነው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። ለሚሠሩት ሥራ ጸሐፊ ይፈልጉ ነበር። ከሆስፒታል እንደወጡ ልጃቸው ደወለልኝ። ያን ጊዜ መንዳት ተምሬ አሮጌ ዳትሰን ገዝቼ ስለነበር፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ስኮትዴል ቤቴ ሳልደርስ 285 አውራ ጎዳናን ይዤ ደንዉዲ መሄድ ጀመርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት፣ ዛሬ ፓኪስታንና ሕንድ በሚባለው አገር፣ በኢንዱስ ወንዝ ዳር በጡብ የተሠሩ ትልልቅ ከተሞች ነበሩ። የከተሞቹ ሰዎች ከክብሪት ሳጥን በማይበልጥ ድንጋይ ላይ በሬ የመሰለ እንስሳ ይቀርጹና ከላዩ አራት ወይም አምስት ምልክት ይደረድራሉ። ማኅተማቸው ነው። ከተሞቹ ጠፍተው ማኅተሞቹ ቀሩ። ምልክቶቹ ምን እንደሚሉ እስከ ዛሬ ያነበበ ሰው የለም፤ በምን ቋንቋ እንደተጻፉም የሚያውቅ የለም። አነበብኩ ያለ ሁሉ ሌላው ተነሥቶ ያፈርስበታል። እኔ ፎቶግራፍ የሞላባቸው ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ተሰጥተውኝ፣ በየማኅተሙ ላይ ያለውን መስመር እያንዳንዱን በአንዳንድ ካርድ ላይ እገለብጣለሁ። ሁለት ሺህ ያህል ናቸው። እሳቸው ካርዱን እየደረደሩ የትኛው ምልክት የት ቦታ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቆጥራሉ።

ሚስተር ሻንሙጋም የሚያምኑት የዚያ ከተማ ሰዎች የሚናገሩት የታሚልን አያት ነው ብለው ነው። ታሚል የእናታቸው ቋንቋ ነው። ከሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች ጋር አይዛመድም፤ ከየት መጣ ቢባል የሚያረጋግጥ የለም። ከደቡብ እጅግ ርቆ፣ ፓኪስታን ተራሮች ውስጥ፣ የታሚል ዘመድ የሆነ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች አሁንም አሉ። ሽማግሌው ካርታ ዘርግተው ያንን ቦታ በጣታቸው ይመቱታል። ዘመዶቻቸው ወደ ደቡብ ሲሄዱ እዚያ የቀሩ ናቸው ይላሉ። ታሚል ከሁሉ ቋንቋ በዕድሜ ይበልጣል ሲሉኝ እስቃለሁ። እኛም ዘንድ አዳም በገነት በግዕዝ ነው የተናገረው ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ የሚከራከር ደብተራ ሞልቷል አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ግን ቶሎ ኮስተር አሉ።

የሚኮሳተሩበት ምክንያት ነበራቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ይህንኑ ነገር ማድራስ ላይ በሊቃውንት ስብሰባ አቅርበው ነበር። ጆሮ ያላት ማሰሮ የምትመስል አንዲት ምልክት አለች። መስመሮቹ በግማሽ ያህል በእሷ ያልቃሉ፤ በታሚልም ቃል ሲያልቅ ከኋላው የምትቀጠል ነገር አለች፤ ስለዚህ ይህች ያቺ ናት አሉ። የስብሰባው ሊቀ መንበር በሰው ፊት፣ «መምህር፣ ግማሹን ድንጋዩ ነግሮዎታል፤ ግማሹን ፍቅርዎ ነው የነገረዎት» አላቸው። አዳራሹ ሳቀ። ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ተማሪዎቻቸው ፊት እንኳ ስለ ማኅተሙ ተናግረው አያውቁም። አሁን ያ ስብሰባ እንደገና ሊደረግ ነው፤ በ1986 ዲሴምበር። ለአዘጋጆቹ ጽፈው ተፈቅዶላቸዋል። ከዚያ አዳራሽ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳቅብኝ ወጥቼ ልሙት ነበር የሚሉኝ።

መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ካርድ በማጉያ መነጽር ከፎቶግራፉ ጋር ያስተያዩ ነበር። ያየኸውን ብቻ ጻፍ ይሉኛል። የጎንደሩ መምህሬ የኔታ መርዕድም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ። ስለ የኔታ ነገርኳቸው፤ መጽሐፍ ጽፈን ስንጨርስ ከመጨረሻው ላይ ስማችንን አግብተን፣ ጨምሬም እንደሆነ አጉድዬም እንደሆነ ይቅር በሉኝ ብለን እንደምንለምን ነገርኳቸው። ወደዱት። በኤፕሪል ወር አንድ ሐሙስ ቀን ማጉያውን አጥፈው ዘጉትና ወደ መሳቢያ ከተቱት። ከእንግዲህ አላይም፣ በእጅህ ተማምኛለሁ አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስነዳ እግሬ አላመመኝም። አራት ዓመት አሜሪካ ኖሬ ሙያ አለህ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

በኦክቶበር ወር አንድ ቅዳሜ ቀን ቆጠራው አለቀ። አስቀምጠውኝ ያዘጋጁትን ጽሑፍ አነበቡልኝ። ማሰሮዋ ከአሥር መስመር ሰባቱን ትዘጋለች፤ ይህን ያህል ሲደጋገም ዕድል አይደለም፣ የቋንቋ ሕግ ነው ይላል። ከመጨረሻው ላይ ደግሞ፣ ካርዶቹን በእጁ የገለበጠው ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ ገሠሠ ነው የሚል አለበት። ስሜን ሲያነቡ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ ግን ሰባት የምትለዋ ቃል ላይ ቀርቼ ነበር።

ከቆጠራው ዋናው የመስመሩ መጨረሻ መሆኑ ያን ቀን ነው የገባኝ። ጥፋቱን እነግራችኋለሁ። ከማኅተሞቹ ብዙዎቹ ጠርዛቸው የተሰበረ ነው፤ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ድንጋዩ የለም። የኔታ መርዕድ ዘንድ አይጥ የበላው ዳዊት እንድንገለብጥ ሲሰጠን፣ የጎደለውን ጎዶሎ አድርጎ የሚያልፍ ተማሪ ይገረፍ ነበር። ዳዊቱን በቃላችን እናውቀዋለን፤ አይጥ የበላውን እንሞላዋለን። ጎዶሎ መጽሐፍ ለሰው መስጠት ነውር ነው። ማኅተሞቹንም አምስት መቶ ከገለበጥኩ በኋላ እጄ ለመዳቸው። ጠርዙ የተሰበረ ሲመጣልኝ የሚጎድለው ምን እንደሆነ የማውቀው መሰለኝና ማሰሮዋን ሣልኩ፤ በሚቀጥለውም ሣልኩ። ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር። አንዱንም እንኳ ማንበብ እንደማልችል ትዝ አላለኝም።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ የሺእመቤት ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። ስቶን ማውንቴን በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ፕሮብሌም አትፍጠር» አለችኝ። «ሽማግሌው ቲኬታቸውን ቡክ አድርገዋል። የድንጋዩን ጽሑፍ የሚያነብ የለም አላልከኝም እንዴ? ታዲያ ማን ቼክ ያደርገዋል?»

ድንጋዩ አለ አልኳት። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ይኖራል። ባይኖርስ፣ ውሸት መሆኑን እኔ አውቃለሁ አልኳት። ተነሥታ ተቀመጠች፤ ዓይኗ በድካም ቀልቷል።

«እኔ በየቀኑ ሽማግሌ ሲያፍር ነው የማየው፣ ገሠሠ። ሺፍቴ ያ ነው። አልጋው ላይ ሲያመልጠው ዓይኔን እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እንዳላየሁ ሆኜ አንሶላውን እቀይራለሁ። አንተም እንዳላየህ ሁን።»

እሷ ጨካኝ ሆና አይደለም እንዲህ ያለችው፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ ልክ ናት ስል ነው የሰነበትኩት። ጋሪ እየገፋሁ ልክ ናት እላለሁ፤ ሊፍት ውስጥ ቆሜ ልክ ናት እላለሁ። ሐሙስ ዕለት ደንዉዲ ሳልሄድ ቀረሁ። ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ዋናው የመስመሩ መጨረሻ መሆኑን ቢነግሩኝ ኖሮ እያልኩ በሽማግሌው ላይም ተናደድኩ። ዳሩ ግን ስብራቱን በዓይኔ እያየሁ ነው የሞላሁት። ደግሞ ስሜ አለበት። አሥራ ሁለት ዳዊት ላይ ስሜን አግብቻለሁ፤ አንዱም ላይ እያወቅሁ ያኖርኩት ሐሰት የለም።

ቅዳሜ ስደርስ ሽማግሌው አዲስ የተሰፋ ኮት ለብሰው መስተዋት ፊት ቆመው ነበር። ለማድራስ ነው። ትከሻው ሰፍቷቸዋል። ሲያዩኝ በሕፃን ደስታ ዞረው አሳዩኝ። ልመለስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉን ገለጥኩና ጠርዙ የተሰበረ አንድ ማኅተም ፈልጌ ካርዱን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

«ሰር፣ ይህቺ ማሰሮ ድንጋዩ ላይ የለችም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የጨመርኳት። ብዙ ቦታ ጨምሬያለሁ።»

ስለ አይጡና ስለ የኔታ፣ ስለ ሁሉም አንድ በአንድ ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮ አለቀብኝ። ኮታቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ወንበሩ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ቁጭ አሉ። እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም።

«ማጉያውን መሳቢያ የከተትኩት ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

በእጄ ስለተማመኑ አልኳቸው።

«አይደለም። አይቼው ነው» አሉ። «በኤፕሪል፣ በዚያ ሐሙስ። የተሰበረ ድንጋይ ሙሉ ሆኖ ካርድ ላይ አየሁ። ቀጥሎ ያለውንም አየሁ፤ እሱም ሙሉ ነበር። ቅዳሜ እነግረዋለሁ አልኩ። ማጉያውን የዘጋሁት ለሁለት ቀን ብዬ ነበር።»

ንዴት አናቴ ላይ ወጣ። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት ለእሳቸው ብዬ ነው። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ የልጃቸው ሚስት ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ አይታን ተመለሰች።

«ደክሞኝ ነበር፣ ገሠሠ። ሃያ ዓመት ግማሽ ስል ኖሬ ከእጅህ ሰባት ሲወጣ አየሁ።» መሐረባቸውን አውጥተው ደህናውን ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጨርስልህ። ከተደረሰበት ጸሐፊው ነው የተሳሳተው እላለሁ ብዬም አስቤ ነበር። ስምህን ያስገባሁት ለክብርህ ብቻ አይደለም።»

ይህን ሲሉ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ አዘንኩ። ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ልጆችን አትኮርጁ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ይህን ነገሩኝ። እኔ ካርዱን ባልገልጥባቸው ኖሮ ኮታቸውን ለብሰው ይሄዱ ነበር፤ እኔም ትሪዬን እገፋ ነበር። እሳቸው ማጉያውን ከመሳቢያው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ስንት ሳምንት አለን አሉኝ። አምስት አልኳቸው።

አለቃዬን ለምኜ የዓመት ቫኬሽኔን ወሰድኩ። የሺእመቤት ለዚህ ነው እንዴ ቫኬሽን ያጠራቀምከው ብላ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ፤ በማግሥቱ ግን ምሳዬን ቋጠረችልኝ። ከመጀመሪያው ካርድ ጀመርን። እሳቸው ፎቶግራፉን በማጉያ ያያሉ፣ ተሰብሯል ይላሉ፤ እኔ አዲስ ካርድ አነሣለሁ። ከዚህ ሥራ የሚከብድ ሠርቼ አላውቅም። ምልክቶቹን ስስል፣ ስስል ቆይቼ ስብራቱ ጋ ስደርስ ብዕሬን አነሣለሁ። እጄ ልትቀጥል ትፈልጋለች፤ ገና ወረቀት አላት። ጎዶሎውን ጎዶሎ አድርጌ ካርዱን ወደ ክምሩ አኖራለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። ሽማግሌውም በየሰዓቱ ጋደም ይሉ ነበር፤ ልጃቸው እየመጣ የልብ ትርታቸውን ያዳምጥና አባቱን ስለማደክም በክፉ ዓይን ያየኛል። በኤፕሪል የዘጉትን ማጉያ ይዘው ሲያንቀላፉ ደግሞ እኔ እጠብቃለሁ።

የጨመርኳቸው ማሰሮዎች ስምንት መቶ ሆኑ። የተሰበሩትን አውጥተው፣ መጨረሻቸው የሚታዩትን መስመሮች ብቻ እንደገና ቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። እርሳሱን አስቀመጡ።

«ግማሽ» አሉ። «ከሃያ ዓመት በፊት ያልኩት ይኸው ነው። ግማሽ።»

ታዲያ ታሚል ነው ወይስ አይደለም አልኳቸው። አላውቅም አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ድንጋዩ ከዚህ በላይ አልነገረኝም አሉ። ጉዞውን የሚተዉት መስሎኝ ነበር። አልተዉትም። ሰባት የሚለውን ሰርዘው ግማሽ ብለው ጻፉ፤ ሕግ ነው የሚለውን ሰርዘው አላውቅም ብለው ጻፉ። ይስቁ ይሆናል አልኳቸው። ይስቁ ይሆናል አሉ፤ ካርዶቹ ግን ለሚቀጥለው ሰው ደህና ይሆናሉ። ይህን ሲሉ የተደሰቱ አይመስሉም ነበር። የደከሙ ነው የሚመስሉት።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጠሩኝና አንድ ባዶ ካርድ ሰጡኝ። ከካርዶቹ ሁሉ ኋላ የሚገባ ነው። ጸሐፊዎቻችሁ ከመጨረሻው የሚሉትን ጻፍልኝ አሉኝ። በአማርኛ ጻፍኩት፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አደረግኩት። ጨምሬም እንደሆነ ይቅር በሉኝ የሚለው ላይ ስደርስ «እንደሆነ» የምትለዋን ቃል ተውኳት። ጨምሬ ነበርና ይቅር በሉኝ አልኩ፤ እኔ ኃጥእ ገሠሠ። አነበብኩላቸው።

«በሁለት ሰው ስም አድርገው» አሉኝ።

ስማቸውን ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ እጄን ያዙኝና ብዕሩን ወሰዱ። ካርዱን በግራ እጃቸው ተጭነው በታሚል ፊደል፣ ከስሜ ሥር፣ በራሳቸው እጅ ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ፊደሎቹ አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ መካከል ላይ ቀለሙ ተንጠባጥቦ አንዷን ፊደል ግማሽ አድርጓታል። ጨርሰው ብዕሩን መለሱልኝና ዓይኔን አዩ። እጄ ልታስተካክለው ፈለገች። ብዕሩን ከድኜ ኪሴ ከተትኩት።